ሦስት ሽማግሌ በማለዳ

ያን ቀን የሠራሁትን ስህተት አገር ቤት ያለ የሰባት ዓመት ልጅ እንኳ አይሠራውም። ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ጥቁር ካፖርት ለብሼ፣ ባለቤቴን በቀኝ፣ አንድ ሽማግሌ በግራ አድርጌ፣ እናቷ አገር ቤት የታመሙባትን ልጅ በር አንኳኳሁ።

ሐበሻ የሆነ አንባቢ ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳልነግረው ያውቀዋል። ጥቁር የለበሱ ሦስት ትልልቅ ሰዎች በማለዳ ደጅ የሚቆሙት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ መርዶ ለመንገር። በስልክ አይነገር፣ በደብዳቤ አይጻፍ። ሰውየው ወደ ሥራ ሳይወጣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ይሄዳል። እኔ ራሴ እዚህ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ውስጥ የስንቱን ሰው በር እንዲህ አንኳኩቻለሁ! ሥርዓቱን አላውቅም ብዬ እንዳላመልጥ፣ የሥርዓቱ ሊቅ ነኝ። ያን ቀን ግን ጭንቅላቴ በርዶ ነበር መሰለኝ ትዝም አላለኝ። እኔ የሄድኩት ዳቦ ይዤ፣ እንኳን አገኘንሽ ልላት ነው።

የነገሩ መነሻ ሳን ሆዜ ነው። የምንኖረው በረዶ በማያውቀው ኦክላንድ ቢሆንም፣ እሑድ እሑድ ለአምልኮ እስከ ሳን ሆዜ እንወርድ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናችን እዚያ ከፈረንጆች ለከሰዓት በኋላ የምትከራየው አዳራሽ አላት። አንድ እሑድ መሪያችን ደብዳቤ አነበበ። ይህ መሪያችን እዚያው አጠገብ ኩፐርቲኖ ከተማ በኢንጂነርነት የሚሠራ ወጣት ነው፤ የጸሎት ርዕስ እንኳ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቁጥር ሳይሰጥ አይጸልይም። ደብዳቤው የመጣው ከካናዳ ድንበር ብዙም ከማይርቅ አንድ የሰሜን ከተማ ነው። ተርኪ የሚሉትን ትልቅ ዶሮ በሚያርድ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ የእኛ ልጆች ይሠራሉ፣ ብዙዎቹ በዲቪ የመጡ ናቸው፣ በቋንቋቸው የሚጸልይላቸው ሰው የላቸውም፣ ለአንድ ዊንተር እንኳ አገልጋይ ቢላክልን ይላል። የጻፈችው አንዲት ልጅ ናት። ከታች ደግሞ፣ "ደሴ ላሉት ለእናቴ ጸልዩልኝ፣ ታመውብኛል" የሚል ጨምራበታለች።

ሥራ ያለው ሥራውን አሰበ፣ ልጅ ያለው ልጁን አሰበ። ከአጠገቤ አንድ እጅ ተነሣ፤ የባለቤቴ እጅ ነው።

"እኛ ጡረተኞች ነን፤ እንሄዳለን" አለች።

እንደሷ ዝም ብዬ እጄን ባወጣ ምን ነበረበት? እኔ ግን ተነሥቼ ቆምኩ። "እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ! ብርድና እኔ ከልጅነታችን እንተዋወቃለን!" ብዬ ፎከርኩ። ሰው አጨበጨበልኝ። አገር ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ስለ ቀዝቃዛ የአየር ጠባይ ጠመኔ ጨርሻለሁ፤ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ እስከ ጡረታዬ ድረስ ኦክላንድ አንድ ፓርኪንግ በር ላይ፣ በመስታወት ቤት ውስጥ፣ እግሬ ሥር ሂተር አድርጌ ተቀምጫለሁ። የብርድ እውቀቴ በሙሉ ይኸው ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ፍሪሞንት ላይ፣ ባለቤቴ እንዲህ አለችኝ፦

"ሠላሳ ዓመት ለጉባኤ ወጥ ስሠራ ኖርኩ። አንድ ቀን 'ሂጂና ለእገሌ ጸልዪለት' ያለኝ ሰው የለም። ጉልበቴ ሳይከዳኝ ይቺን አንዷን ላገልግል። አደራህን፣ አታበላሽብኝ።"

"እኔ መቼ አበላሽቼ አውቃለሁ?" አልኳት።

ሄይዋርድን እስክናልፍ ድረስ ያበላሸሁትን ስትቆጥርልኝ ሄደች። መንገዱ አለቀ እንጂ ዝርዝሩ አላለቀም።

መሪያችን ሲሸኘን ሁለት ነገር አሳሰበን። በየሳምንቱ ሰኞ ይደውላል፤ ስንት ሰው እንደ ተሰበሰበ ቁጥር እንነግረዋለን። እስከ ፌብሯሪ መጨረሻ ጉባኤ ካልቆመ ደግሞ ይመልሰናል። "ሽማግሌ በከንቱ ብርድ ላይ አንጥልም" አለ። የባለቤቴን ፊት አየሁት። ለእሷ ባዶ እጅ መመለስ ማለት ቀሪ ዘመኗን ወደ ድስቷ መመለስ ማለት ነበር።

በጃንዋሪ ደረስን። የአየር ማረፊያው በር ሲከፈት አፍንጫዬ ውስጥ ያለው ፀጉር ቀጥ ብሎ ቆመ። ዓይኔ ሲያነባ እንባው ጉንጬ ላይ ሳይደርስ ደረቀ። የደብረ ብርሃን ብርድ እንደ አባት ይቆጣል፤ የዚህኛው ግን የሚያውቅህም አይመስል፣ ዝም ብሎ ይደበድብሃል። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን ይዞ ተቀበለን። ኤርትራዊ ነው፤ አዲስ አበባ ያደገ፣ አማርኛው ከእኔ የሚጣፍጥ፣ በፋብሪካው ጽዳት ላይ የሚሠራ።

"እኔ እንኳን ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ስብከታችሁን አልሰማም" አለን ከሰላምታ በፊት። "ግን ሽማግሌ መጥቶ ሜዳ ላይ አይቆምም። ቤት አግኝቼላችኋለሁ፣ መኪናም አለኝ።"

መኪናው በኤሌክትሪክ ገመድ ግድግዳ ላይ እንደ ካውያ ተሰክቶ ነበር የሚያድረው። ካልተሰካ ሞተሩ በብርድ ይደርቃል አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በመኪና ቀናሁ፤ እኔንም የሚሰካኝ ባገኘሁ።

ልጅቱ የምትሠራው የሌሊት ሺፍት ስለሆነ የመጣን ዕለት አላገኘናትም። በጃንዋሪ እንደምንመጣ ታውቃለች፣ ቀኑን አታውቅም። እንግዲህ ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው የመጣልኝ። "ጠዋት ከሥራ ስትገባ፣ ሳትተኛ፣ እንያዛት። ሰርፕራይዝ!" አልኩ። ባለቤቴ "በማለዳ?" ብላ ግንባሯን ቋጠረች። እኔ ግን እንኳን ግንባሯን ካፖርቴንም አላየሁ። ኤርትራዊውን ሽማግሌ "ነገ ጎህ ሳይቀድ እዚያች ልጅ ቤት ታደርሰናለህ" አልኩት። ዝም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። በማግስቱ ጥቁር ሱፍ፣ ጥቁር ክራቫት አድርጎ መጣ። እንዴት የከበረ ሰው ነው አልኩ በሆዴ፤ እኛን ለማክበር ለበሰ።

በሩን አንኳኳሁ። የሥራ ጃኬቷን ገና ያላወለቀች ቀጭን ልጅ ከፈተች። መጀመሪያ እኔን አየች፤ ቀጥላ ባለቤቴን። ከዚያ ዓይኗ ከኤርትራዊው ሽማግሌ ላይ አረፈና እዚያው ቀረ። ዞር ብዬ ሳየው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እንባውን ይጠርጋል።

"እናቴ ናት?" አለች።

"የለም፣ የለም! እናትሽ ደህና ናቸው!" አልኳት።

ከዚህ የባሰ ቃል መምረጥ አልችልም ነበር። መርዶ ነጋሪ ሁሉ የሚጀምረው "ደህና ናቸው፣ ትንሽ አሟቸው ነው" ብሎ ነው። ልጅቱ የበሩን መቃን ያዘች።

"ቁጭ በይ ልጄ፣ መጀመሪያ እንጸልይ" አልኳት።

"እማዬ!" ብላ ወለሉ ላይ ወደቀች።

አብረዋት የሚኖሩ፣ ቀድመዋት ከሥራ የገቡ አራት ሴቶች በሌሊት ልብሳቸው ከየክፍላቸው ወጡ። አንዷ ጸጉሯን ያዘች፣ አንዷ ደረቷን መታች። በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ያ ብርድ እንደ ለቀስተኛ ይጎርፋል። እኔ ደግሞ ዳቦውን ከፍ አድርጌ፣ "ዳቦ ነው! ዳቦ ነው ያመጣነው!" እያልኩ እጮኻለሁ። ለቅሶ ቤት ምግብ ይዞ እንደሚኬድ ልነግራችሁ አያስፈልግም። ዳቦውን ያዩት ባሰባቸው።

"ዝም በል!" አለችኝ ባለቤቴ ክንዴን እየቆነጠጠች። "አንተ ሰውዬ፣ እባክህ ዝም በል!"

ልጅቱን አቅፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። "ልጄ፣ እኛ ከሳን ሆዜ የመጣነው ነን፤ ከቤተ ክርስቲያን። ደብዳቤ የጻፍሽልን። ስለ እናትሽ የሰማነው ነገር የለም። ስልክ ደውይና በጆሮሽ ስሚ" አለቻት።

ደሴ፣ ከእናትየው ቤት አጠገብ ያለ መድኃኒት ቤት ስልክ አለው። ተደወለ፣ ሰው ተላከባቸው። እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው። እኛ ሳሎኑ ውስጥ ዳቦውን መሐል አስቀምጠን አርባ ደቂቃ ጠበቅን። እንደዚያ ያለ አርባ ደቂቃ ለጠላቴም አልመኝም። ለካ እዚያ ማዶ "ከአሜሪካ አስቸኳይ ስልክ" ሲባል ሰፈሩ በሙሉ ልጅቱ ሞተች ብሎ ነቅሎ ወጥቷል። እናትየው ስልኩን ሲያነሡ ከኋላቸው የለቅሶው ድምፅ እኛ ድረስ ተሰማ። ይህን ያህል ዘመን ጂኦግራፊ ሳስተምር ሁለት አህጉር ባንድ ጊዜ የነካሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሁለቱንም አስለቀስኳቸው።

እናትና ልጅ በሕይወት መኖራቸውን ከተማመኑ በኋላ ልጅቱ ስልኩን ዘጋች። ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ብትሰድበኝ በወደድኩ።

"አባባ፣ እማማ፣ ይቅርታ፣ ደክሞኛል። ልተኛ" አለች በትሕትና። በሩ ከኋላችን ተዘጋ።

መኪና ውስጥ ባለቤቴ መስኮቱን ስታይ ሄደች። ትንሽ እንደ ተጓዝን ኤርትራዊው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

"መምህር፣ ለመሆኑ የሞተው ማን ነው?"

"ማንም አልሞተም!"

"ታዲያ በማለዳ ለምን ሄድን?"

"ለሰርፕራይዝ!" አልኩት። "አንተስ ምን ሆነህ ነው ያለቀስከው?"

"ጎህ ሳይቀድ ሰው ቤት አድርሰኝ ስትለኝ ማን ሞተ ብዬ ልጠይቅህ? ነውር አይደለም?" ማርሽ ቀየረ። "ሰርፕራይዙ ግን ሠምሯል።"

ወሬው በአንድ ቀን ውስጥ አሥራ አንዱንም አዳረሰ። "የመርዶ ሽማግሌዎች" ተባልን። በመጀመሪያው እሑድ በቤታችን አሥራ ሁለት ወንበር ደርድረን ጠበቅን፤ ከልጆቹ የመጣ የለም። ግሮሰሪ ውስጥ ድንች ስመርጥ ከልጆቹ አንዱ አየኝና ፊቱ ዐመድ መሰለ። "አባባ... ቤት ሰላም ነው?" አለኝ። ሰላም ነው ስለው ጋሪውን ትቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሰላም ነው የሚለውን ቃል ራሱን ፈራሁት። ባለቤቴ ለልጅቱ ስትደውልላት፣ "እሺ እማማ፣ ከሥራ ስወጣ ኮል አደርግልዎታለሁ" ትላታለች፤ አትደውልም። ሌሎቹ ደግሞ የሚያዩት እሷን ነው። የሚበሉት እሷ ቤት፣ የሚመክሩት ከእሷ ጋር ነው። የእሷ በር ተዘጋ ማለት የከተማው በር ተዘጋ ማለት ነው።

ሰኞ ስልኩ ጮኸ።

"ስንት ሰው ተሰበሰበ?" አለ መሪያችን።

"ሦስት።"

"ጌታ ይመስገን! እነማን ናቸው?"

"እኔ አለሁ፣ ባለቤቴ አለች..."

"እሺ፣ ሦስተኛው?"

"ሾፌራችን።"

"አመነ?"

"ሞቀው። ከእሱ ክፍል የኛ ሂተር ይሻላል።"

መስመሩ ላይ ሲጽፍ ይሰማኛል። በሁለተኛው ሰኞም ሦስት፣ በሦስተኛውም ሦስት። በአራተኛው፣ "አባባ፣ የመልስ ትኬት ብንመለከት አይሻልም?" አለኝ። ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ ሁሉንም ሰምታለች። "አታበላሽብኝ ብዬህ ነበር" አለች፤ ቁጣ የለባትም። ቁጣ ቢኖርባት እመልስላት ነበር።

ብርዱም አብሮ ጠና። የቤቱ አከራይ መጥቶ፣ ዛሬ ሌሊት ከባድ ነው፣ ቧንቧውን በጥቂቱ ክፈቱትና እየተንጠባጠበ ይደር፣ አለዚያ ውስጡ ይረጋል ብሎ አስጠነቀቀ። አሁን እስቲ ፍረዱኝ። እኔ ከኦክላንድ የመጣሁ ሰው ነኝ። በዚያ በድርቁ ዘመን ሻወር ሥር ባልዲ አስቀምጬ፣ በባልዲው ውሃ ሽንት ቤት ያጠብኩ፣ ባለቤቴ ሰሃን ስታጥብ ከኋላዋ ቆሜ "ዝጊው፣ ዝጊው" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። የሚንጠባጠብ ውሃ ስሰማ አንድ ሰው ኪሴ የገባ ይመስለኛል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ከመተኛቴ በፊት ሄጄ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ተኛሁም። መልካም ሥራ እንደሠራ ሰው ነው የተኛሁት።

ጠዋት ውሃ የለም። ወደ ቀትር ግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር እንደ ጥይት ጮኸ፤ ቧንቧው ፈነዳ። ውሃው ኩሽናውን አጥለቅልቆ፣ በበሩ ሥር ወጥቶ፣ ደረጃው ላይ ብርጭቆ ሆነ። ሂተሩም ጠፋ። አከራዩ መጥቶ አየ፣ እኔንም ረጅም ጊዜ አየኝ፣ ጥገናው ሦስት ሳምንት ይፈጃል አለ። ኤርትራዊው ሽማግሌ የሚኖረው በአንድ ክፍል ከሌላ ሰው ጋር ተጋርቶ ነው። ሻንጣችንን ጭኖ ሳይጠይቀን መንዳት ጀመረ። መንገዱን ሳውቀው ጮኽኩ።

"ወዴት ነው?"

"አምስት ሴቶች ያሉበት ሰፊ ቤት አንድ ብቻ ነው የማውቀው።"

"አይሆንም!" አለች ባለቤቴ። "ደግሞ ልናስለቅሳት?"

"አሁን ከሰዓት ነው እማማ፤ ከሰዓት መርዶ የለም" አላት።

እኔ ግን አላመንኩም። ከመኪናው ሳልወርድ ካፖርቴን አውልቄ ገለበጥኩና በገበሩ በኩል ለበስኩት፤ ገበሩ ቀይና ቢጫ መስመር አለው። የባለቤቴን ሮዝ ሻርፕ አንገቴ ላይ ጠመጠምኩ። ኤርትራዊውን ሽማግሌ ከመኪናው እንዳይወርድ አስማልኩት። እንደዚያ ሆኜ አንኳኳሁ።

ልጅቱ ከእንቅልፏ ተነሥታ ከፈተች። እኔን አየች። ገበሩን አየች። ሻርፑን፣ ሻንጣውን፣ ከኋላዬ በኀፍረት የተሸፈነችውን ባለቤቴን አየች። ፊቷ አልተፈታም።

"አሁን ደግሞ ማን ሞተ?" አለች።

"ቧንቧው" አልኳት።

ከንፈሯን ነከሰች። አልቻለችም። በሩን ተደግፋ እስክትንበረከክ ድረስ ሳቀች፤ ያን ቀን በወደቀችበት ቦታ ላይ ማለት ነው። "ኑ፣ ውጡ! ኑ አባባን እዩአቸው!" ብላ አራቱንም ቀሰቀሰቻቸው። በሕይወቴ በገዛ ጥፋቴ የተሳቀብኝ ጊዜ ብዙ ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ባለቤቴን ግን ሳቋን ትታ በሁለት እጇ ያዘቻት። "እማማ፣ እጅዎ በረዶ ሆኗል፤ ይግቡ" አለቻት።

ሚስዮናውያን ሆነን ሄደን ተጠጊዎች ሆንን። አንድ ክፍል ለቀቁልን። ያ ቤት ግን የራሱ ሕግ አለው። አምስቱም ሌሊት ሠርተው ቀን የሚተኙ ናቸው፤ መስኮቱ ሁሉ በብርድ ልብስ ተጋርዷል፣ ቀትሩም ጨለማ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ጸሎት ማለት ድምፅ ማለት ነው። እኔ ሳን ሆዜ ስጸልይ የውጭ በሩ ይንቀጠቀጣል ይሉኛል። በመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ ተንበርክኬ፣ "ጌታ ሆይ!" ስል ግድግዳው ተደበደበ። ልጅቱ ጸጉሯን በሻሽ አስራ መጣች።

"አባባ፣ ካልጮኹ ጌታ አይሰማዎትም እንዴ?"

"ይሰማል እንጂ።"

"እኛም እንሰማለን።"

ከዚያ ወዲያ በሹክሹክታ ነው። በሹክሹክታ መጸለይን ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ለእኔ ተቀምጦ እንደ መሮጥ ነበር። ግማሹ ቃል በአፍንጫዬ ይወጣል። አንድ ቀን ብርድ ልብስ ተከናንቤ ትንሽ ድምፅ ላውጣ ብል፣ "አባባ!" የሚል ድምፅ ከሦስት ክፍል ባንድ ጊዜ መጣ። ማንኪያ ስኒ ውስጥ ሳማስል ይቆጡኛል፤ ሳስነጥስ ይቆጡኛል። እኔም እቆጣለሁ፤ ግን በሹክሹክታ። በሹክሹክታ የተቆጣ ሽማግሌ ደግሞ ማንንም አያስፈራም።

ባለቤቴ ግን ጸጥታው ውስጥ ቤቷን አገኘች። ልጆቹ ጠዋት ከሥራ ሲገቡ እጃቸው አብጦ፣ ጣታቸው አልታጠፍ ብሎ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢላ ጨብጠው ሲቆርጡ ያድራሉ። እሷ ሄይዋርድ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች፤ የታመመ እጅ ማየት ታውቅበታለች። ሞቅ ያለ ውሃ ጨው ጨምራ በሳህን ታቀርባለች። አንድ በአንድ እጃቸውን ታስነክራቸዋለች፣ አንጓቸውን ታሸዋለች፣ በጨርቅ ታስራለች። እጁ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው የትም አይሄድም። የእናትሽ ስም ማነው ትላለች፣ ማን ናፈቀሽ ትላለች፤ ከዚያ ድምፅ ሳታወጣ እዚያው እጁን እንደያዘች ትጸልያለች። ያልነገሯት ነገር የለም። ልጅቱ ስለዚያ ማለዳ የነገረችው ለእሷ ብቻ ነው። ከእናቷ ሞት ይልቅ ያስፈራት፣ ባዕድ አገር ላይ መርዶዋን የሚነግራት የራሷ ሽማግሌ የሌላት መሆኑ ነበር፤ ሽማግሌ በበሩ ላይ ስታይ ግማሽ ልቧ ሞተ፣ ግማሹ ደግሞ "ለካ ሰው አለኝ" አለ። ይህን ኋላ የነገረችኝ ባለቤቴ ናት።

እኔስ? ሃያ ሁለት ዓመት መምህር የነበርኩ፣ ስብከቴን በሁለት ደብተር ጽፌ የመጣሁ ሰው፣ የማንቆርቆሪያ ኃላፊ ሆንኩ። "ውሃ ጨምር። በዛ። ቀዘቀዘ። አሁን ደግሞ አቃጠልካት።" ሥራዬ ይኸው ነው። ወንዶቹ ሰሙና እጃቸውን ይዘው መጡ። በሁለተኛው ሳምንት ኩሽናው ሞላ። ግሮሰሪ ውስጥ ጋሪውን ትቶልኝ የሸሸው ልጅ ከእኔ እጅ ውሃ ተቀበለ። ጉባኤ ብሎ የጠራው ሰው የለም፤ ግን እሑድ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ ሺፍት ሳይደርስ፣ አሥራ አንዱም ተቀመጡ። ልጅቱ ወደ ደብተሬ ጠቆመች። "አባባ፣ በአጭሩ። አንዷን ራሷን አሟታል፤ ቀስ ብለው።" ሰባት ደቂቃ ሰበክሁ። በሹክሹክታ። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው፣ ትንፋሽ ይዘው አዳመጡኝ። ሳን ሆዜ አንድ ሰዓት ስጮኽ የሚያንቀላፋው ሰው ትዝ አለኝና ተናደድኩ።

ሰኞ ስልኩ ጮኸ።

"ስንት ሰው?"

"አሥራ አንድ" አልኩ በቀስታ።

"ምነው አባባ፣ ታመዋል እንዴ? ድምፅዎ የለም።"

"ሰዎች ተኝተዋል።"

"በጉባኤው ላይ?"

ማስረዳት ጀመርኩ፣ ተውኩት። ባለቤቴ ስልኩን ተቀበለችኝ። "ልጄ፣ ትኬቱን ተወው። እስከ ፋሲካ እንቆያለን" አለችው። መወሰን እንዲህ ቀላል እንደሆነ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ስትመልስልኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ቧንቧውን ስለ ዘጋህ ጌታ ይባርክህ" አለችኝ። "ሌላውን ግን አልረሳሁትም።"

ቤታችን ከተጠገነም በኋላ ስብሰባው ከዚያ ኩሽና አልወጣም። ከፋሲካ በኋላ በረዶው ጭቃ ሲሆን ተመለስን። የሄድን ቀን ልጅቱ መተኛት ትታ እስከ መኪናው ሸኘችን። ባለቤቴን አቅፋ አለቀሰች፤ እኔን ስታቅፈኝ ሳቀች።

"አባባ፣ አንድ ነገር አለብዎት" አለችኝ። "በሹክሹክታ ብዙ ጸልየውልኛል፤ እማዬም ተሽሏታል። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ጸሎት ጮክ ያለ ነው። ለእሷ አንድ ጊዜ ጮክ ብለው ይጸልዩልኝ፤ ሳን ሆዜ እንደሚጸልዩት፣ በር እስኪንቀጠቀጥ።"

"አሁኑኑ!" ብዬ እጄን አነሣሁ።

"እንዴ! ልጆቹ ተኝተዋል!" አለችና እጄን አወረደችው። "የቀን ሺፍት ስገባ።"

የቀን ሺፍት አልገባችም። በዓመቱ ወደዚህ ወረደች፤ ሄይዋርድ አንድ መጋዘን ገባች፣ እሱም ሌሊት ሆነ። ስደውል ወይ ሥራ ላይ ናት፣ ወይ ተኝታለች። ቀጥሎ አገባች፤ ባሏም የሌሊት ታክሲ ነጂ ሆነና ቀን ተኚው ሁለት ሆነ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ባልየው የለም፣ እሷም ዕረፍት ናት፣ ቀኑም ቀትር ነው። ከኦክላንድ ተነሥተን ሄድን። እንግዲህ ዛሬ አልኩ። ሳሎኑ መሐል ቆሜ፣ ካፖርቴን አውልቄ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ሁለት እጄን አነሣሁ።

ልጅቱ ከውስጠኛው ክፍል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ብቅ አለች። "አባባ፣ እባክዎ፣ ሕፃኗ አሁን ገና ነው የተኛችው።"

ባለቤቴ አፏን በሶፋው ትራስ አፍና ትስቃለች። የተነሣ እጄን ምን ላድርገው? መነጽሬን አስተካከልኩበትና ተቀመጥኩ። የዚያች ልጅ ጸሎት እስከ ዛሬ አለብኝ።